የተሳፋሪዋ ዳገት

ከዱራሜ ወጥቶ ወደ አንጋጫ በሚወስደው መንገድ ላይ ሾፌሮች «የተሳፋሪዋ ዳገት» የሚሉት አቀበት አለ። አዲስ ሾፌር ወደ መስመሩ ሲመጣ ስሙ ከየት እንደመጣ መጠየቁ አይቀርም። በዘመኑ ያልነበረ አንድ ሾፌር «ድሮ አንዲት ሴት እዚያ ላይ ወድቃ ሞታ ነው» ይለዋል፤ ሌላው «ሽፍታ የዘረፋት ነጋዴ ነበረች አሉ» ይላል። ረሺድ አጠገባቸው ተቀምጦ ሻዩን ያማስላል እንጂ አፉን አይከፍትም። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል፤ እሱ ግን ማማሰሉን አይተውም። ሴትዮዋ አልሞተችም፤ ሽፍታም አልነካትም። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ለዳገቱ ስም ያወጣለት እሱ ነዋ።

ረሺድ የሆሳዕና ልጅ ነው። አባቱ ጃጁራ ገበያ ላይ ጨው ይቸረችሩ ነበር፤ እሱን ግን ገና በጎረምሳነቱ የሞተር ሽታ ልቡን ሰረቀውና ጨዉን ትቶ መኪና አጠባ ገባ። ከአጠባ ወደ ረዳትነት፣ ከረዳትነት ወደ መሪው አለፈ። በጃንሆይ ዘመን፣ በዚያ አገር መኪና በጣት በሚቆጠርበት ጊዜ፣ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው ከትንሽ ሹም አያንስም ነበር። ገበያ መሃል ሲያልፍ ሰው ከጥላ ሥር ተነሥቶ ያየዋል። ረሺድ መታየቱን ያውቃል፤ ያላወቀ መምሰልንም ያውቅበታል።

የሚነዳት መኪና የአንድ ነጋዴ ንብረት ነበረች፤ አሮጌ፣ ወፍራም፣ ጉልበተኛ ፒክ አፕ። ክረምት ላይ የጃጁራ ጭቃ ሆዷን እየያዘ ቢያስቸግራት ማቴዎስ የሚባል የሆሳዕና ብረት ሠሪ ዘንድ ተወሰደች። ማቴዎስ ባሌስትራዋ ላይ ብረት ደራርቦ፣ የትልቅ ጭነት መኪና ጎማ አስገብቶ ከመሬት አንሥቶ አቆማት። ከዚያ ወዲያ ጋቢናዋ ውስጥ ለመግባት ሰው ልብሱን ሰብስቦ፣ አንድ እጁን በሩ ላይ፣ አንድ ልቡን አላህ ላይ አድርጎ መውጣት ነበረበት። ከተማው «ሰጎን» ብሎ ሰየማት። ረሺድ ስሙን ሲሰማ የሚቆጣ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ይስቃል።

ነጋዴው የሰጎንን ጉልበት ሲያይ ደግሞ ሆዱ ሰፋ። ከአንድ የተጣለ መኪና ላይ ሁለት ጎማ አስፈትቶ በራሱ በማቴዎስ ተሳቢ አሠራ። ማቴዎስ ተሳቢውን ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ረሺድን ብቻውን ጠራው። ማቴዎስ በቤተ ክርስቲያኑ መዝሙር መሪ ነው፤ ብረት ሲያስረዳም እንደ ስብከት ያደርገዋል።

«ስማ ረሺድ» አለው። «መኪናህ ቆማለች፤ ተሳቢህ ተቀምጧል። ቋሚ ተቀማጭን ሲጎትት የተቀማጩ አፍንጫ ወደ ሰማይ ይሆናል። ጭነቱን ሁልጊዜ ወደ ፊት አድርግና አፍንጫውን ተጫነው። ኋላው ከከበደ ግን ዳገት ላይ አንገቱን ቀና አድርጎ ያመልጥሃል። ዳገት ከመጀመርህ በፊት ውረድ፤ ጎማው ሥር ታኮ ጣል፤ የማያያዣውን ፒን በዓይንህ ሳይሆን በእጅህ እይ።»

ረሺድ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደታዘዘው አደረገ። ረዳት አልነበረውምና ራሱ ይወርዳል፤ የግራር እንጨት ታኮውን ጎማው ሥር ይጥላል፤ ፒኑን በእጁ ይነካል፤ ይወጣል። በሁለት ዓመት ውስጥ አንዲት ጆንያ አልወደቀችበትም።

በእነዚህ ሁለት ዓመታት ውስጥ ነው ሰፊያን ያገባው። ሰፊያ ከዱራሜ ማዶ ያለ መንደር የተወለደች የከምባታ ልጅ ናት። አባቷ ሞተዋል። የእናቷ ወንድሞች ሾፌር የሚባል ነገር አንሰማም አሉ። «ወፍና ሾፌር የሚያድርበት አይታወቅም» አለ ትልቁ። እናቷ ዘይነባ ግን ልጁን በአጥር ቀዳዳ ሁለት ጊዜ አየችው፤ ሁለቴም ሽማግሌዎቹ ፊት አንገቱን ደፍቶ፣ ጆሮው ቀልቶ ነበር። «የሚያፍር ልጅ ነው» አለች። «የሚያፍር ሰው ክፉ አይወጣውም። ስጡት።» በእሷ ቃል ተሰጠው። ረሺድ ይህን የሰማው ከሰፊያ ነው። በሰማ ቀን ደስታውን የሚያስቀምጥበት አጥቶ ሰጎንን አንድ ሰዓት ሙሉ አጠባት።

በአገሩ ወግ አማችና አማት ይተፋፈራሉ። በስም አይጠራሩም፤ አብረው አይበሉም፤ ፊት ለፊት አይተያዩም። አማት አማቿ ሲመጣ ሻሿን ጎትታ ፊቷን ትሸፍናለች፤ የምትለው ካላትም ሌላ ሰው አቁማ «ለእሱ ንገሩልኝ» ትላለች። ረሺድ የሚስቱን እናት ፊት በቅጡ አይቶት አያውቅም። የሚያውቀው ሻሿን፣ ድምፅዋንና እጆቿን ነበር። ትልልቅ፣ እንሰት የፋቁ፣ ጠንካራ እጆች ነበሩ።

በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሰፊያ ሴት ልጅ ወለደች፤ ዘምዘም አሏት። በሳምንቱ ረሺድ በርበሬ ሊጭን ወደ አዲሎ ሲወርድ ሰፊያ ከአልጋዋ ሆና አደራ አለችው።

«ስትመለስ እናቴ ዱራሜ ገበያ ዳር ትጠብቅሃለች። መኪና ላይ ወጥታ አታውቅም። ጋቢና አስገባት እሺ? ሌላ ሰው መሃል አስቀምጥ፤ እሷ በር በኩል ትሁን። ከላይ ሆና አገሩን ትይ።»

«በዓይኔ ላይ» አለ ረሺድ። ሲል ደግሞ ከልቡ ነበር።

ከአዲሎ ፒክ አፑንም ተሳቢውንም በበርበሬ ሞልቶ፣ ከባዶቹን ጆንያዎች እንደ ልማዱ ወደ ተሳቢው አፍንጫ አድርጎ ዱራሜ ሲደርስ፣ ዘይነባ በተባለው ቦታ ቆማለች። የሰፊያ ወንድም አወል ከነበቅሎው አጠገቧ ነው። ከንጋት ጀምራ በእግሯ መጥታለች። ለአራሷ የያዘችው ቅቤ በገንቦ፣ ቡላው በኮባ ተጠቅልሎ እግሯ ሥር ነበር። ለመንገዱ ክብር ብላ ራሷን ትኩስ ቅቤ ተቀብታለች፤ ፀሐዩ አቅልጦት በአንገቷ ይወርዳል። እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው።

ያኔ ነው ረሺድ ከመንገዱ ማዶ አቶ ብዙነህን ያየው። ብዙነህ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነው። ለዘውዱ በዓል ወደ አውራጃው ከተማ ለመሄድ ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ፈረስ ይጠብቃል። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይሻላል፤ ብዙነህ አልለመነም፣ አላዘዘም፣ መኪናዋንም ልብ አላላትም። ረሺድ ራሱ ነው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ የጠራው።

«አቶ ብዙነህ! ሆሳዕና ነው? ይግቡ እንጂ! ሰጎን እያለች ፈረስ ምን ያደርግልዎታል?»

ለምን ጠራው? ከዚያ ወዲህ ራሱን ሺህ ጊዜ ጠይቋል። መልሱ ያው ነው፤ ሌላ ቢፈልግለት አላገኘም። በበዓል ዋዜማ ሆሳዕና መሃል ከረባት ያሰረ ሰው አጠገቡ አስቀምጦ ሲገባ ታየው። ባለ ከረባቱ አጠገብ ደግሞ ቅቤ የሚወርዳት፣ እግሯ ጭቃ የሆነ ባላገር ስትቀመጥ ታየውና አፈረ። በእሷ አፈረ። የሚያፍር ልጅ ነው ብላ ልጇን በሰጠችው ሴት።

ብዙነህ መንገዱን ተሻግሮ መጣ፤ አመሰገነ። ወዲያው ዓይኑ ዘይነባ ላይ አረፈ።

«እኚህ እናት ካንተ ጋር ናቸው?»

«አይ፣ ተሳፋሪ ናቸው» አለ ረሺድ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዘይነባ ሁለት እርምጃ ርቃ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ሻሿን ፊቷ ላይ ጥላ ቆማ ነበር። አማርኛ ብዙ አትናገርም፤ ትሰማለች ግን። ሻሿን ትንሽ ወደ ታች ሳበችው።

«ታዲያ ምን ቸገረ፣ እኔ መሃል እቀመጥና በር በኩል ይግቡ» አለ ብዙነህ። «ሦስት ሰው ይይዛል።»

«አይችሉትም አቶ ብዙነህ። በሩ ከፍ ያለ ነው። ተሳቢው ይሻላቸዋል።»

አወል በቅሎውን አስሮ ሲመጣ ደግሞ ረሺድ ሌላ ፊት አዘጋጅቶ ጠበቀው። ወደ ጎን ወስዶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አወል፣ ከእናትህ ጋር አንድ ጋቢና ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተቀምጬ እንዴት እነዳለሁ? ነውር ነው። ወግ አለ አይደል?» አወል ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ተባረክ» አለው፤ «የዛሬ ሾፌር እንዲህ ወግ ያውቃል ብዬ አላሰብኩም።» ይህ ምስጋና እስከ ዛሬ ድረስ እንደ እሾህ እግሩ ውስጥ አለ።

ሰው ጥፋት ሲያጠፋ አንዲት ትንሽ ደግነት ጎን ለጎን ያደርጋል፤ ኅሊናውን ለማባበል። ረሺድም እንደዚያው አደረገ። ዘይነባ እንዲመቻት ብሎ፣ ገንቦዋም እንዳይሰበር ብሎ፣ ተሳቢው አፍንጫ ላይ የነበሩትን ስድስት ከባድ ጆንያዎች አንድ በአንድ ተሸክሞ ወደ ኋላ ደረደራቸው። ፊት ለፊት ባዶ ቦታ አወጣላት፤ ከረጢት አነጠፈላት። ላብ አጠመቀው። የማቴዎስ ስብከት ትዝ አላለውም። አወል ደግፎ አወጣት፤ ገንቦዋን ጭኗ መሃል ይዛ ተቀመጠች።

ጋቢና ገብቶ ሞተሩን ሲያስነሣ፣ በጎን ባለው የስፖኪዮ መስታወት ውስጥ ሻሿ ታየው። ፒክ አፑ ኋላ ላይ ጆንያው ተቆልሎ መስኮቱን ስለ ሸፈነው፣ ኋላውን የሚያየው በዚያች ስፖኪዮ ብቻ ነው። የአማት ፊት አይታይም አለ ለራሱ፤ ወግ ነው። እጁን በመስኮት አውጥቶ ስፖኪዮዋን ወደ ሰማይ አዞራት።

ከዱራሜ ወጥቶ ዳገቱ ሥር ያለው መንደር ጋ ሲደርስ እንደ ልማዱ እግሩ ወደ ፍሬኑ ሄደ። ብዙነህ ግን ያን ጊዜ «ይህ ዳገት መኪና ያስለቅሳል ይባላል፤ እውነት ነው?» አለ።

«ሰጎንን?» ረሺድ ደረቱን ነፋ። «ዝም ብለው ይዩ!» እግሩን ከፍሬኑ ላይ አነሣና ነዳጅ ሰጣት።

አጋማሹ ላይ መኪናዋ አቃሰተች። ከዚያ ከኋላ ቀው የሚል ድምፅ መጣ፤ ወዲያው ሰጎን እስራት እንደፈቱላት ፈረስ ወደ ፊት ተወረወረች። ማርሽ መቀየር እንኳ አላስፈለጋትም።

«አዩ!» ብሎ ጮኸ ረሺድ። «አሁን ገና ነቃች! እንዲህ ናት እሷ፣ መንገዱ ሲከፋ ጉልበቷ ይመጣል!»

«አጀብ ነው» አለ ብዙነህ።

ከዳገቱ ላይ ወደ ገበያ የሚወርዱ ሰዎች ነበሩ። አንዷ ሸክሟን ጥላ እጇን ራሷ ላይ አደረገች። ሁለት ወንዶች ወደ ኋላ እየጠቆሙ ጮኹ። ረሺድ አድናቆት መሰለው። ጡሩምባውን ሁለት ጊዜ ነፋላቸው፤ እጁን በመስኮት አውጥቶ እንደ ሹም አወዛወዘላቸው። ይህችን እጁን ዛሬም ሲያስታውስ፣ የትም ይሁን የት፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል።

አንጋጫ አካባቢ ሜዳው ላይ ለሞተሩ ውሃ ሊጨምር ቆመ። ብዙነህ ወርዶ አቧራውን እያራገፈ ወደ ኋላ ዞረ፤ ቆየ።

«ረሺድ» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «ተሳቢ ነበረን አይደል?»

የመልሱን መንገድ ረሺድ እንዴት እንደነዳው አያውቅም። ከንፈሩ የሚያውቀውን ዱዓ ሁሉ እያደባለቀ ዳገቱን ወረደ። ሰፊያ አልጋዋ ላይ ሆና «ከላይ ሆና አገሩን ትይ» ያለችው ጆሮው ላይ ይደውላል።

ተሳቢው ወደ ኋላ ተንከባልሎ፣ መንገዱን ስቶ፣ ዳገቱ ሥር ያለ የእንሰት ማሳ ውስጥ ገብቶ ቆሟል። ያዳናት እንሰቱ ነው፤ ሰባት ትልልቅ እንሰት ተኝተው ተቀበሏት። በርበሬው ፈስሶ መሬቱ ቀልቷል፤ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ እያስነጠሰ ነበር። የገንቦው ስባሪ በየቦታው ነው፤ ለአራሷ የመጣው ቅቤ አፈር ጠጥቶታል። ዘይነባ የማሳው ባለቤት ደጃፍ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ግራ እጇን በቃጫ ጠፍረው አስረውላታል።

የማሳው ባለቤት ጵርስቅላ የምትባል ጠና ያለች ሴት ናት። ረሺድ ከመኪናው ሲወርድ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ሾፌሩ አንተ ነህ? ሰው ጥለህ ጡሩምባ እየነፋህ የሄድከው? እጅህን ስታወዛውዝም ያዩህ አሉ።»

ወንዶቹ ዱላቸውን ይዘው ቀረብ ቀረብ አሉ። አንድ ሽማግሌ አስቆማቸው። «ቆይ፣ ይጠየቅ» አሉ። «ይህች ሴት ምንህ ናት? ዘመድሽ ማነው ብንላት አትናገርም። ዘመድህ ከሆነች ዘመዶቿ ይፍረዱህ። ካልሆነች ግን እኛ እንፈርዳለን።»

ከደጃፉ የዘይነባ ድምፅ መጣ። «ተሳፋሪ ነኝ አልኳችሁ እኮ። ልጁ አያውቀኝም። መንገድ ነው የጣለኝ። እጃችሁን እንዳታነሡበት።»

ረሺድ ቃሉን ለየው። ዱራሜ ላይ እሱ የሰጣትን ስም ነው የመለሰችለት። ከዱላውም ከውርደቱም የምታወጣው በር ከፍታለት ነበር፤ እጇ ተሰብሮ ሳለ። አንድ እርምጃ ወደ እሷ ተራመደ። ያን ጊዜ የዘይነባ ደህነኛ እጇ ሳታዘው ተነሣ፤ ሻሿን ጎተተና ፊቷን ሸፈነው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሴቶቹ ሁሉ አዩ። በከምባታም ሆነ በሐዲያ ይህችን እጅ የማያውቅ ሰው የለም። ሴት ለማታውቀው ሾፌር እንዲህ አታደርግም። ለአማቿ ብቻ ነው እንዲህ የምታደርገው።

ጵርስቅላ ከሻሹ ወደ ረሺድ ዞረች። «እውነት ነው?» አለችው፣ አሁን በቀስታ። «ተሳፋሪ ናት?»

ብዙነህ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ከኋላው ቆሟል። ረሺድ ከረባቱን አየ፤ ዱላዎቹን አየ፤ ግድግዳውን የምታየውን ሴት ጀርባ አየ። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግበት።

«አዎ» አለ። «ተሳፋሪ ናቸው።»

ማንም አልመታውም። ቢመቱት እንዴት በወደደ! ወንዶቹ ዱላቸውን ዝቅ አድርገው ዞር አሉ፤ ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። ጵርስቅላ ብቻ አፏን ከፈተች።

«ለማታውቀው ሰው እንደ አማት ፊቷን የምትሸፍን ተሳፋሪ ዛሬ ገና አየሁ» አለች።

መንደሩ ተሳቢውን ከማሳው ጎትቶ አወጣለት። በርበሬውን እያስነጠሱ አፈሱለት። ጆንያዎቹን ወደ ፊት ደረደራቸው፤ ፒኑን በእጁ ነካ፤ ታኮውን አነሣ፤ ሁሉንም በደንብ አደረገ፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ። ዘይነባ አትንቀሳቀስም ተባለ። የመንደሩ ወጌሻ ሊያያት ነው፤ ስትሻል በበቅሎ ትሄዳለች። ከጵርስቅላ ደጃፍ ዞር ብላ እንኳ አላየችውም። እሱም አማቴን ትቼ አልሄድም ለማለት አልቻለም፤ ተሳፋሪ ናቸው ብሏላ። ብዙነህ እስከ ሆሳዕና ድረስ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መንገድ መንገዱን አየ። ሲወርድ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ፤ ስሙን ግን አልጠራም። ገበያው መሃል የተቀመጠው ሰው ባለ ከረባቱን ሲወርድ አይቷል። ረሺድ ማን እንዳየው ለማየት ቀና አላለም።

«እናቴስ?» አለች ሰፊያ በሩን እንደከፈተ።

«በበቅሎ ትመጣለች። መኪናውን ፈርታ።»

በአምስተኛው ቀን ዘይነባ በአወል በቅሎ መጣች። ለልጇ «መንገድ ላይ ወድቄ ነው» አለቻት። አርባ ቀን ሙሉ አራሷን ስትጠይቅ ሕፃኗን በአንድ እጅ ነበር የምትይዛት፤ ሲያጥቧት በአንድ እጇ ውሃ ታፈስ ነበር። የተሰበረው አንጓ ጠመም ብሎ ገጠመ። ረሺድ ፊቷን አይቶ አያውቅም፤ እጇን ግን ከማየት የሚከለክል ወግ የለም። ከልጁ ጋር ስትጫወት፣ ቡላ ስታገነፋ፣ ያቺ የጠመመች እጅ ከየትም ትታየዋለች። እሱ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሰጎን ሥር ገብቶ ያልላላውን ብሎን ያጠብቃል።

ሰፊያ ምንም አልጠየቀችውም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዘምዘም መራመድ በጀመረችበት ሰሞን፣ ልብስ እያጠፈች «እናቴ እኮ ምንም ፈርታ አታውቅም» አለች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ወሬው የዳገቱን ስም ይዞ ዞረ። ረሺድ በዚያ ባለፈ ቁጥር ጵርስቅላ ማሳዋ ዳር ካለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትጠይቀዋለች።

«ረሺድ! ተሳፋሪህ ደህና ናት?»

«ደህና ናቸው» ይላል፤ ታኮውን አንሥቶ ይሮጣል። እሷ ፌዝ አልነበረባትም፤ ፊቷ ኮስተር ብሎ ነው የምትጠይቀው። ሰባት ዓመት እንደዚያ ጠየቀችው፤ ሰባት ዓመት እንደዚያ መለሰ።

በእነዚያ ዓመታት ዘይነባ ልጇን ለማየት በየዓመቱ በበቅሎ ትመጣለች። በሰፊያ በኩል «ጋቢናው ባዶ ነው» ብሎ ልኮላት ነበር። «ነውር ነው ብሏል አሉ፤ ወግ ያክብር» የሚል መልስ መጣ። አወል የነገራትን ነው፤ ራሱ የፈጠረው ሰበብ ነው። አንዳንዴ መንገድ ላይ ይደርስባታል። እሷ በቅሎዋ ላይ ሆና ሻሿን ፊቷ ላይ ትጥላለች። እሱ አቧራው እንዳያለብሳት መኪናውን ዳር ያቆምና ከዓይን እስክትርቅ ድረስ ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃል። አንድ ጊዜ ግማሽ ቀን ጠበቀ። ሥራ ላይ ዘገየህ ብሎ ነጋዴው ጮኸበት፤ ምን ብሎ ያስረዳዋል?

በ1964 ዓ.ም. በዒድ ሰሞን፣ የገበያ ቀን ነበር፤ ረሺድ ዳገቱ ሥር ደርሶ ቆመ። ታኮውን ጥሎ ፒኑን ነክቶ ቀና ሲል ጵርስቅላን ደጃፏ ላይ አያት። አጠገቧ በዚያው በርጩማ ላይ ዘይነባ ተቀምጣለች። በቅሎው ሞቶ ነበርና በእግሯ መጥታለች። እግሮቿ አብጠው ጫማዋን አውልቃ ይዛዋለች። ከዳገቱ ወዲያ ሆሳዕና ገና ሩቅ ነው። ዘይነባ ሻሿን ጎተተች።

ጵርስቅላ እንደ ልማዷ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ረሺድ! ተሳፋሪህ ደህና ናት?»

ገበያተኛው እየወረደ ነው። የሚያውቁት ሾፌሮችም ከኋላው ቆመው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ረሺድ «ደህና ናቸው» ሊል አፉን ከፈተ፤ ጠማማዋ እጅ ጫማውን ይዛ አየ። ፊቱ ፍም መሰለ፤ ጆሮው ቀላ።

«ተሳፋሪ አይደሉም» አለ። «አማቴ ናቸው። ያን ቀንም አማቴ ነበሩ። ጋቢናው ቦታ ነበረው፤ በሳቸው አፍሬ ነው ተሳቢ ላይ የጫንኳቸው። ወግ ያልኩትም ውሸት ነው። እዚህ ደጅ ላይ ቆሜም ዋሽቻለሁ።»

ሾፌሮቹ ሰምተዋል። ነገ በየሻይ ቤቱ እንደሚወራ ያውቃል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ባልጠላ ነበር፤ እግሩን ግን አላነሣም።

«እኛማ ያን ቀን አውቀናል» አለች ጵርስቅላ። «አንተ እስክትነግረን ነው የምንጠይቅህ።»

ከዚያ ዘይነባ ከሻሿ ሥር ተናገረች፤ ለጵርስቅላ ነው የተናገረችው።

«ለሾፌሩ ንገሪልኝ። በሩ ከፍ ያለ ነው ብሎ ነበር። የምረግጥበት ነገር ይፈልግልኝ።»

ረሺድ ሁለተኛውን ታኮ ከመቀመጫው ሥር አወጣ። በልብሱ ጠረገው፤ ጋቢናው በር ሥር አኖረው፤ እንዳይወላወል ተንበርክኮ በሁለት እጁ ያዘው። ፊቱን ወደ ጎማው አዞረ። ያበጠው እግር ታኮው ላይ ሲያርፍ ክብደቱ በእጁ ተሰማው። ጵርስቅላ ከኋላ ደገፈቻት፤ ዘይነባ በጠማማ እጇ በሩን ይዛ ወጣች።

ብቻቸውን ነበሩ ጋቢናው ውስጥ። እሷ በሩ ጋ ተጠግታ ፊቷን ወደ መስኮቱ፣ እሱ መሪው ላይ ተደፍቶ ፊቱን ወደ መንገዱ አደረጉ። ዳገቱን ጨርሰው አገሩ ከታች ተዘረጋ። ዘይነባ እንሰቱንና የሣር ቤቶቹን፣ በጭስ የተሸፈነውን ሸለቆ ረጅም ጊዜ ተመለከተች። ከዚያ ለመስኮቱ ነገረችው።

«ለወንድሞቼ የሚያፍር ልጅ ነው ብያቸው ነበር» አለች። «አልዋሸኋቸውም፤ ዘገየ እንጂ።»

ረሺድ መንገዱ ደበዘዘበት። ፍሬን ይዞ፣ ዓይኑን በክንዱ ጠርጎ፣ ማርሽ አስገባ።